ሮስተር (የተማሪዎች የዓመት ውጤት ማጠቃለያ) ሊዘጋ ሲል «ክፍል መድገም አይብዛ» ቢባልስ?

ጥያቄ (ደሴ)፦ የቃል ትእዛዝ ከላይ መጥቷል። ርዕሰ መምህሩ መምህራንን «ማርኩን ትንሽ አስተካክሉ» ማለት ይችላል?

መልስ፦ በፍጹም! ትእዛዙን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። ማርክ ሊስቱ ላይ 46 በፍሉድ ጠፍቶ 50 ከተጻፈ ከፈተና ወረቀቱ ጋር አይገጥምም፤ ተጠያቂው የፈረመው መምህር ነው። እውነተኛ የድምር ስህተት ካለ በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ መምህሩ ይፈርምበት፣ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ማቋረጥንም እንዳትረሱ። ለሥራ የወጣን ልጅ «ተዛወረ» ብሎ መጻፍ ያው ውሸት ነው። መሸኛ ካልወሰደ አልተዛወረም። «አቋረጠ» ካልተባለ ደግሞ ማንም ቤቱ ሄዶ አይፈልገውም፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

መልስ፦ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። የተነፋ ማርክ እዚያ ሲደርስ ይተነፍሳል። አብሽር ወንድሜ፣ ከ50 በታች ያሉትን በ1ኛው መንፈቀ ዓመት ለይቶ ማጠናከሪያ መስጠት ነው።