በፊሊፒንስ ሕግ «የሥነ ልቦና ችሎታ ማጣት» ጋብቻን የሚያፈርሰው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ማዶ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከአገር ውጭ ሲሆን፣ በሥራ ቦታ ከተዋወቅኳት ፊሊፒናዊት ጋር ለመጋባት ተስማምተናል። ችግሩ ግን እሷ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአገሯ ያገባች መሆኗ ነው። ባሏም ፊሊፒናዊ ነው፤ ልጃቸው ስድስት ወር ሳይሞላው ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ለመፋታት ብላ ጠበቃ ስታማክር «በአገራችን ፍቺ የለም፤ ባልሽ የሥነ ልቦና ችሎታ እንዳልነበረው ገልጸሽ ጋብቻው ፈራሽ ነው እንዲባልልሽ ክሰሺ» አላት። እሷ በዚህ ምክር እጅግ ቅር ተሰኝታለች። «ሰውየው ዋሾና ኃላፊነት የማይሰማው ነው እንጂ እብድ አይደለም፤ የልጄን አባት በመሐላ እብድ ነው ልበል?» ትላለች። ሕጉ የሚጠይቃት በእርግጥ ይህንን ነውን?

መልስ፦ ነገረ ፈጅ

አይደለም። ይሁን እንጂ ቅሬታዋ መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም፤ ለረጅም ጊዜ ፍርድ ቤቶቹ ራሳቸው ጉዳዩን የሐኪም ጉዳይ አስመስለውት ቆይተዋልና።

በእኛ አገር በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልና ሚስት በስምምነት ወይም በአንደኛው ጥያቄ ሊፋቱ ስለሚችሉ፣ እንዲህ ያለ ምክንያት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። በፊሊፒንስ ግን የራሳቸው የግል ሕግ ካላቸው ሙስሊሞች በቀር ሁለት ዜጎች በአገራቸው ፍርድ ቤት ፍቺ አያገኙም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ላይ የዋለው የቤተሰብ ሕጋቸው በአንቀጽ 36 ያስቀመጠው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ጋብቻው በተፈጸመበት ጊዜ መሠረታዊ የጋብቻ ግዴታዎችን ለመወጣት የሥነ ልቦና ችሎታ ያልነበረው ሰው የፈጸመው ጋብቻ፣ ችግሩ ገሃድ የወጣው ከሰርጉ በኋላ ቢሆንም እንኳ፣ ፈራሽ ነው። ግዴታዎቹ የሚባሉትም አብሮ መኖር፣ መዋደድ፣ መከባበር፣ መተማመን፣ መረዳዳትና ልጆችን ማሳደግ ናቸው። ስለዚህ ዳኛው የሚጠየቀው የጸና ትዳርን እንዲቆርጥ ሳይሆን፣ ትዳሩ ከመነሻው እንዳልጸና እንዲያውጅ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንቶስ ጉዳይ ሦስት መለኪያዎችን አስቀመጠ፤ ችግሩ ከባድ፣ ከጋብቻው በፊት ሥር የሰደደና የማይድን መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 በሞሊና ጉዳይ ደግሞ የችግሩ መንስኤ በሕክምና እንዲታወቅና በባለሙያ እንዲረጋገጥ የሚሉ ጠበቅ ያሉ መመሪያዎች ተጨመሩ። ከሳሾች የሰውየውን ጠባይ ወደ በሽታ ስም የሚለውጥላቸው ባለሙያ ፍለጋ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እጮኛዎን ያስከፋት ምክርም የዚያ ዘመን ቅሪት ይመስለኛል።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2021 በታን-አንዳል ጉዳይ በተሰጠው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ የሥነ ልቦና ችሎታ ማጣት የሕግ ጽንሰ ሐሳብ እንጂ የአእምሮ ሕመም እንዳልሆነ፣ የባለሙያ ምስክርነትም ግዴታ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀመጠ። አለመዳን የሚባለውም በሕክምና ትርጉሙ ሳይሆን፣ የሁለቱ ሰዎች ማንነት ጨርሶ ባለመጣጣሙ ትዳሩ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ መፍረሱ ነው። በሌላ በኩል ከሳሹ በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማስረዳት እንዳለበት ተወስኗል፤ ይህ በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሚጠየቀው የላቀ ነው። በአንድ በኩል የተከፈተው በር በሌላው በኩል ጠበብ ተደርጓል ማለት ይቻላል።

መልስ፦ መዝገብ አገላባጭ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም፣ ጠያቂው «ጥሎ ሄዷል» በሚለው ነገር ላይ ብዙ ተስፋ እንዳይጥሉ አሳስባለሁ። በሳንቶስ ጉዳይ ባልየው የጦር ሠራዊት መቶ አለቃ፣ ሚስትየዋ ነርስ ነበሩ። እሷ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1988 ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ከሰባት ወር በኋላ በአዲስ ዓመት ዕለት ስልክ ደውላ ተመልሳ እንደምትመጣ ብትናገርም አልመጣችም። እሱ ለሥልጠና አሜሪካ በሄደበት ጊዜ ቢፈልጋትም አላገኛትም። ፍርድ ቤቱ ሐዘኔታውን ገልጾ ክሱን አልተቀበለም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1997 በተወሰነው የቺ ሚንግ ጾይ ጉዳይ ሙሽራው በሰርጉ ሌሊት ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ፤ አሥር ወር ገደማ በአንድ አልጋ ሲያድሩም በመካከላቸው ግንኙነት አልነበረም። እዚህ ላይ ጋብቻው ፈራሽ ተብሏል። ልዩነቱ በደሉ መብዛቱ ወይም ማነሱ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው መዝገብ መለያየትን ብቻ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ግን ግዴታውን ከመጀመሪያው ሌሊት አንሥቶ ሊፈጽም ያልቻለን ሰው አሳይቷል። ስለዚህ የእጮኛዎ ጠበቃ ሊጠይቃት የሚገባው «መቼ ሄደ?» ብሎ ሳይሆን «ከመጋባታችሁ በፊት ምን ዓይነት ሰው ነበር? ይህንንስ ማን ያውቃል?» ብሎ ነው።

መልስ፦ የቀለም ልጅ

አጭር ጭማሪ ልስጥ። ሐሳቡ የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ቁጥር 1095 ነው። ሆኖም የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ብቻውን በመንግሥት ሕግ ፊት ጋብቻውን አያፈርስምና፣ አንዱን ይዞ ሌላው አለቀ ማለት ስሕተት ነው።

ባሕር ማዶ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠይቄያት እንደነገረችኝ፣ ሰውየው ከሰርጉ በፊትም በአንድ ሥራ ላይ ሁለት ወር ቆይቶ አያውቅም ነበር፤ በእናቱ ስም ተበድሮ ይሰወር ነበር፤ ታላቅ እኅቱም ይህንን ለመመስከር ፈቃደኛ ናት። አሁን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነው፤ ጋብቻው ከመነሻው ፈራሽ ከተባለ ልጇ ዲቃላ ይባልብኛል ብላ ትሰጋለች።

ነገረ ፈጅ፦

በዚህ በኩል ሕጉ ጠንቃቃ ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት፣ በአንቀጽ 36 ምክንያት ጋብቻው ፈራሽ ቢባልም ከፍርዱ በፊት የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ ሕጋዊ ልጅነቱ አይነካም።

የእኅቲቱ ምስክርነት ከማንም ይልቅ ይጠቅማታል። በታን-አንዳል ጉዳይ ስለ ባልየው የመሰከረችው ሐኪም እሱን አላነጋገረችውም፤ ይሁንና ከቤተሰቡ ቃል ሌላ፣ እሱ በማገገሚያ ተቋም ሳለ በእጁ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ ነበራት፤ ፍርድ ቤቱም አልናቀውም። እጮኛዎም የድሮ ደብዳቤና የብድር ወረቀት ካላት አንዱንም አትጣል። ዘጠኝ ዓመት ማለፉ አያስፈራት፤ ይህ ክስ በይርጋ አይታገድም። ተከሳሹ ባይቀርብ ወይም ቢስማማ እንኳ ነገሩ ወዲያው አያልቅም፤ ባልና ሚስቱ ተመሳጥረው እንዳይሆን ዐቃቤ ሕግ ያጣራል።

እብድ ነው እንድትል የሚያስገድዳት የለም፤ ያየችውን ብቻ ትናገር። እርስዎም የሰርግ ቀን አይቁረጡ። ፍርዱ የመጨረሻ ሆኖ በሲቪል መዝገብ ሳይመዘገብና የቀድሞው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ማስታወሻው ሳይሰፍር፣ አዲሱ ጋብቻችሁም በተራው ችግር ላይ ይወድቃል።