ደባርቅና ዳባት ላሉ ተፈናቃዮች በስልክ የምክር አገልግሎት እንዴት ይጀመር?

አንገረብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ ሆነን በስልክ የሥነ ልቦና ድጋፍ ልንሰጥ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ነርሶችና የማኅበራዊ ሥራ ምሩቃን ናቸው። ቪዲዮ ይሻላል ድምፅ? ስንት ደቂቃ? ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥመንስ ከዚህ ሆነን ምን እናደርጋለን?

የማራኪው፦
ቪዲዮውን እርሱት። ዳታው ይቆራረጣል፣ ባትሪም ይበላል፤ መጠለያ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ራሱ ወረፋ ነው። ተራ ጥሪ ይበቃል፤ ሚስኮል ሲያደርጉ መልሳችሁ ደውሉ።

ከኔትወርኩ በላይ የሚያስቸግረው የሰው ጆሮ ነው። በአንድ ድንኳን ብዙ ሰው ያድራል፤ ስልኩም ብዙ ጊዜ የባል ወይም የልጅ ነው። ከሰላምታ ቀጥሎ «ብቻሽን ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አዎ ወይም አይ ማለት ይበቃታል። ሰው ሲገባባት የምትለውን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለምሳሌ «በርበሬ ስንት ገባ?» ስትል ወሬውን ወደ ገበያ አዙራችሁ ዝጉ። ስልኩን ሌላ ሰው ካነሳ ስለ ምክሩ ትንፍሽ አትበሉ።

ቀሃ፦
የዓለም ጤና ድርጅት «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባለው የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያ ልዩ ባለሙያ ላልሆኑ፣ ግን ሠልጥነው ክትትል ለሚደረግላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው፦ 5 ክፍለ ጊዜ፣ በየሳምንቱ፣ በአካል 90 ደቂቃ። በስልክ ያን ያህል መቀመጥ ከባድ ነው፤ እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለዋለሁ።

በውስጡ ያለው የትንፋሽ ልምምድ በስልክ የሚበላሸው ሆዷን ስለማታዩ ነው። እጇን ሆዷ ላይ አስደርጋችሁ እናንተ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩላት፤ ሦስት ስትቆጥሩ ታስገባ፣ ሦስት ስትቆጥሩ ታስወጣ። «ራሴን አዞረኝ» ካለች አብዝታ እየሳበች ነውና ወደ ተለመደው አተነፋፈሷ ትመለስ።

«የደረሰብሽን ሁሉ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ግን አይባልም። በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ማስተረክ እንደማይጠቅም የታወቀ ነው፤ በስልክ ደግሞ እያለቀሰች መስመሩ ቢቋረጥ አጠገቧ ማን አለ?

ሐኪም ሰፈር፦
ራስን ማጥፋቱን በሚመለከት ዝግጅቱ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ያልቅ፦ የመጠለያው ብሎክ፣ ራሷ የመረጠችው ሰው ስልክ፣ በአቅራቢያው ያለው የጤና ባለሙያ ቁጥር። ጥሪው በፈረቃ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ይሁን። አንዱ መስመሩን ሳይዘጋ ሲያናግር ሌላው በሁለተኛ ስልክ እነዚያን ይጠራል።

በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ዕቅድ አላት ወይ? ፀረ ተባይ ወይም የአይጥ መርዝ አጠገቧ አለ? ካለ የመረጠችው ሰው ወስዶ ያርቀው፣ ብቻዋንም አይተዋት። ቀጥሎ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም፤ ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መጀመሪያ ደባርቅ ሆስፒታል ይታሰብ።

ጸበል ከያዘ ሰው ጋር አትከራከሩ። ጸበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከቆመ በሽታው ይብሳል።

አንገረብ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገቡስ?

ሐኪም ሰፈር፦
ደብተሩ ላይ ኮድ ብቻ፤ ስምና ስልክ በሌላ ወረቀት፣ ተቆልፎ። በጎ ፈቃደኞቹም በግል ስልካቸው አይደውሉ፤ ሌሊት ሌሊት ይደወልባቸዋል።