ባለ ኮፍያዋ «ኤ» ከየት መጣች?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከላፕቶፔ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ገብቼ በጂሲሲ (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚቀይረው ኮምፓይለር) የሲ ኮድ ኮምፓይል አደርጋለሁ። ኤረር በመጣ ቁጥር የቫሪያብሉ ስም ግራና ቀኝ ኮፍያ የደፋች የላቲን «ኤ» (â) ትመጣለች። ኮዴን ሦስት ጊዜ አየሁት፣ እንዲህ ያለ ፊደል የለበትም። ኤረሮቹን የሚቆጥረው ስክሪፕቴም ቀጥተኛዋን ነጠላ ጥቅስ ስለሚፈልግ ዜሮ ይለኛል። እባካችሁ እርዱኝ።

ተርሚናል ወዳድ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ፊደሏ ከኮድሽ አልመጣችም። ሰርቨሩ ላይ ሎኬሉ (የቋንቋና የፊደል ምርጫው) ዩቲኤፍ-8 (የብዙ ቋንቋ ፊደላትን በባይት የሚጽፍ ኮድ) ሲሆን ጂሲሲ ስሞችን የሚያቅፈው በቀጥተኛዋ ሳይሆን በጎባጣዎቹ ጥቅሶች ነው። እያንዳንዷ ጎባጣ 3 ባይት ናት፤ በሄክሳዴሲማል ሲጻፉ፦ መክፈቻዋ ኢ2 80 98፣ መዝጊያዋ ኢ2 80 99። ያንቺ መስኮት ግን ባይቶቹን በላቲን-1 (እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል በሚቆጥረው የቆየ ኮድ) አንድ በአንድ ያነባቸዋል። እዚያ ደግሞ ኢ2 ማለት ያቺው ባለ ኮፍያ ናት፤ የቀሩት ሁለቱ አይታዩም። ከሰርቨሩ ጋር የምትገናኚበት ፕሮግራም ፑቲ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ «ዊንዶው»፣ ከዚያ «ትራንስሌሽን» ግቢና ዩቲኤፍ-8 ምረጪ።

ሼል ለማጁ፦ ወይም «ኤልሲ አንደርስኮር ኦል» የሚባለውን፣ ሎኬሉን የሚወስነውን ቫሪያብል በካፒታል «ሲ» ሞልተሽ ከትእዛዙ ፊት ጻፊው። ጥቅሱ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ መልእክቱም በእንግሊዝኛ ይሆናል።

ተርሚናል ወዳድ፦ ለአንድ ትእዛዝ ጥሩ ነው። በቋሚነት ግን እንዳታስገቢው። በግእዝ ፊደል የሰየምሻቸው ፋይሎች ሲዘረዘሩ የጥያቄ ምልክት ወይም የቁጥር ኮድ ሆነው ይታዩሻል።

የድሮ ተጠቃሚ፦ ስክሪፕቱን በተመለከተ፣ በጥቅስ ምልክት አትመኪ። የቆዩት የጂኤንዩ ፕሮግራሞች (ጂሲሲም ከነሱ አንዱ ነው) ስም ሲከፍቱ ባክቲክ (ወደ ግራ ያዘነበለችው ጥቅስ መሳይ ምልክት)፣ ሲዘጉ አፖስትሮፍ ነበር የሚጠቀሙት። በኋላ ተቀየረ። ስለዚህ ሼል ለማጁ ባለው መንገድ ቋንቋውን አጽኚና «ኤረር» የሚለውን ቃል ከነሁለት ነጥቡ ፈልጊ። ኮምፓይሉ መሳካት አለመሳካቱን ብቻ ከፈለግሽ የመውጫ ኮዱን እዪ፤ 0 ከሆነ ተሳክቷል።

ጀማሪዋ፦ መስኮቱን ዩቲኤፍ-8 አደረግሁት፣ ባለ ኮፍያዋ ጠፋች! ስክሪፕቱም እንዳላችሁኝ ስለቀየርኩት አሁን ይቆጥራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ትናንት ከሌላ ፕሮግራም ኤረር ላይ የፋይል ስም ከነጥቅሱ ኮፒ አድርጌ ስለጥፈው ተርሚናሉ ቀጣይ መስመር እየጠበቀ ቀረ። ይሄም ከዚሁ ነው?

የድሮ ተጠቃሚ፦ መክፈቻዋ ባክቲክ ከነበረች አዎ። ለሼል (ትእዛዞችሽን ተቀብሎ ለሚያስኬደው ፕሮግራም) ባክቲክ ማለት «እዚህ ውስጥ ያለውን እንደ ትእዛዝ አስኪደው» ነው፤ መዝጊያ ባክቲክ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ኮንትሮል ሲ ተጫኚና ውጪ። ጎባጣዎቹን ደግሞ ጭራሽ እንደ ጥቅስ አያያቸውም፣ የስሙ አካል ያደርጋቸውና «ፋይሉ የለም» ይልሻል። ሁልጊዜ ስሙን ብቻ ኮፒ አድርጊ፣ ጥቅሱን ራስሽ ጻፊ።