የድርጅት መዝገብ ኮፒ ለፍርድ ቤት ይበቃል?

አወያይ፦ አንድ ድርጅት «ዕዳ አለበት» ብሎ ሰው ከሰሰ። የያዘው የመዝገቡን ኮፒ ብቻ ነው። ዳኛው ይቀበሉት ወይስ «ዋናውን አምጡ» ይበሉ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ይቀበሉት እንጂ! አሁን ዋናው የቱ ነው? መረጃው ያለው ሰርቨር ላይ ነው። ያተምኩት ሁሉ ኮፒ ነው፤ ሰርቨሩን ተሸክሜ ልምጣ? ደግሞ መዝገቡን የምንይዘው ለክስ ብለን ሳይሆን ለዕለት ሥራችን ነው። ካዛባነው የምንጎዳው እኛው ነን።

ጠበቃው፦ የአሜሪካ የፌዴራል ማስረጃ ደንብ ከአንቺ ጋር ነው። ቁጥር 1003 ኮፒን እንደ ዋናው ይቀበላል። የዋናው እውነተኛነት የምር ካጠራጠረ ወይም ኮፒውን መቀበል ፍትሐዊ ካልሆነ ግን አይቀበልም።

ተጠራጣሪው፦ ጥርጣሬውን የሚያነሳው ማን ነው ታዲያ? ተከሳሹ። በዕዳ ክስ ደግሞ ብዙው ሰው ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ በሌለበት ይፈረድበታል። ባንክ የተበላሸ ብድሩን ለሌላ ሲሸጥ ገዢው ምን እንደሚደርሰው ታውቃላችሁ? አንዳንዴ የኤክሴል አንድ መስመር ነው። ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ቀሪ ዕዳ። ውል የለ፣ የተከፈለው የቱ እንደሆነ የለ። ከዚያ የገዢው ሠራተኛ ባንኩ ውስጥ አንድ ቀን ሳይሠራ «መዝገቡ በትክክል የተያዘ ነው» ብሎ ይምላል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ያ የሚምለው ሰው ጥፋት ነው እንጂ የኮፒው አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ እኔስ ምን አልኩ! እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ሰው በብድር ዕዳ ቤቱን የተነጠቀባቸው የመሐላ ማረጋገጫዎች ሳይነበቡ በገፍ ይፈረሙ እንደነበር ተጋለጠ። ኮፒው ጥርት ያለ ነበር፣ ችግሩ ከጀርባው ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ሆራይዘን የተባለው የሒሳብ ሲስተም ገንዘብ ጎደለ ባለ ቁጥር የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ተከሰሱ፤ ከ900 በላይ ሰው ጥፋተኛ ተባለ። ስህተቱ ግን የሲስተሙ ነበር። እዚያ ፍርድ ቤት ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ «ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራል» ብሎ ነው የሚነሳው። ሲስተሙን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ተቃራኒውን በምን ያሳይ? እ.ኤ.አ. በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ እስከማውጣት ደረሰ።

አወያይ፦ ስለዚህ ኮፒ ይከልከል?

ተጠራጣሪው፦ ኧረ አይደለም። መዝገቡን ያቀረበው ወገን የሲስተሙን የስህተት መዝገብም አብሮ ያቅርብ። ማን መቼ ምን እንዳስተካከለ ይታይ። ተከሳሹ እስኪጠይቅ አይጠበቅ።

ጠበቃው፦ በዚህ እስማማለሁ። አለዚያ መስቀለኛ ጥያቄ የምጠይቀው ወረቀቱን ነው፣ ወረቀት ደግሞ አይመልስም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለትንሽ ድርጅት ከባድ ነው። የስህተት መዝገብ ቦታ ይይዛል፣ ቶሎ ይደመሰሳል።

ጠበቃው፦ ከደመሰሳችሁት ዳኛው ኮፒያችሁን በጥርጣሬ ቢያይ አትቀየሙ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ስንት ዓመት እንደምናስቀምጥ መጀመሪያ በሕግ ይነገረን፣ ከዚያ መቀየሙን እንተወዋለን።