ማርና ጦስኝ በጤና ጣቢያ ይሰጡ ወይስ ይቅሩ? (ክርክር)

የደብረ ብርሃኑ፦ ሰላም ለቤቱ። ጀርሞች አንቲባዮቲክ እየተላመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዚህ ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ እንደሞተ ተገምቷል። ታዲያ የአገራችን መድኃኒቶች በጤና ጣቢያ ይሰጡ? ስድብ የለም፣ በማስረጃ ብቻ።

የመንዝ ልጅ፦ ይሰጡ እንጂ! የጓሳችን ጦስኝ ውስጥ ያለው ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳል። ፈረንጅ አፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ሲጨምረው ሳይንስ፣ እናቴ ስታፈላው ኋላ ቀርነት?

ነርሷ፦ ኋላ ቀር ማን አለህ ወንድሜ? ላብራቶሪ ውስጥ ጀርም መግደል ሌላ፣ ሰው ሳንባ ውስጥ መግደል ሌላ። በረኪናም ይገድላል፤ ትጠጣዋለህ? ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ቤት ዳማከሴ ሲታሽለት ሰንብቶ ነው የሚመጣልን።

አንኮበሬው፦ ልጄ፣ ማሩንስ ምን ልትይው ነው? ስንት የከረመ ቁስል ሲያደርቅ አይተናል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ በማሩስ አልከራከርዎትም። ስኳሩ የጀርሙን ውኃ ይመጥጣል፣ አሲድነትም አለው፣ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። በዚህም በዚያም ስለሚያጠቃው ጀርሙ በቀላሉ አይላመደውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ለቁስል የሚሆን ማር ፈቅዳለች። ግን በጋማ ጨረር የጸዳ እንጂ ከገበያ የተገዛ አይደለም። የእኛው ማር ስኳር ተቀይጦበት፣ የንብ እግር ሳይቀር ይዞ ነው የሚመጣው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ በአፉም አይሰጥ።

የመንዝ ልጅ፦ እንግዲያ ጥፋቱ የማሩ ሳይሆን አጽድቶ የሚያሽገው መጥፋቱ ነው።

ነርሷ፦ እሱን ካልክማ ተስማማን። ጦስኙን ግን አልተቀበልኩህም።

ፋርማሲስቱ፦ ቆይ፣ ጀርሙን ማን አላመደውና? "አሞክሳሲሊን ሦስት ፍሬ ስጠኝ" የሚለኝ ያለ ማዘዣ ነው። እምቢ ስለው ጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ያልፈኛል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እኮ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል፣ ጥቂት ጥቂት እየወሰዳችሁ ጀርሙን አታላምዱ ብሎ አስጠንቅቋል።

የመንዝ ልጅ፦ ሻጩም እናንተው፣ ከሳሹም እናንተው!

አንኮበሬው፦ እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ የጠየቅሁት ለእግሬ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ አስሬበታለሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ አሁኑኑ ይፍቱት! ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ስኳር ያደነዘዘው እግር ደግሞ ሲቃጠል አይሰማዎትም። ዙሪያው ጠቁሯል? ይሸታል? መልሱ ምንም ይሁን፣ ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ይምጡ።