መመሪያው የት ደረሰ? ለጋራ ምክረ ሐሳባችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የምናስገባው የምክረ ሐሳብ ረቂቅ «ማንኛውም የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ (አዋጅ በሥራ ላይ የሚውልበትን ዝርዝር የሚወስነው ሕግ) በ60 ቀን ይውጣ» ብሎ ይጀምራል። ምን ትላላችሁ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ 60 ቀኑ አልተዋጠልኝም። ቀን ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፣ አስተያየት ይሰብሰብበት፣ ይመዝገብ፣ ድረ ገጽ ላይ ይውጣ ይላል። ያንን በገዛ እጃችን ልናስዘልል ነው?

የሐዋሳው አባል፦ እህቴ ልክ ነሽ፤ ግን መጓተቱስ? ፌስታልን እንይ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረቻም የማስገቢያም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ቲማቲሙም ሽንኩርቱም በስስ ፌስታል ሲቋጠር ኖረ። ይኸው በ2017 ሌላ አዋጅ አስፈለገ። ለመሆኑ ገበያ የወጣ ተቆጣጣሪ 0.03ን በምን ይለካል? በጣቱ?

ከላቦራቶሪ፦ መለኪያውስ አለ፣ ማይክሮሜትር ይባላል። ችግሩ አለካኩ ላይ ነው። አንድ ፌስታል እንኳ ታቹና ጎኑ እኩል አይወፍርም። የቱ ጋ ይለካ? ከአንድ እስር ስንቱ ይወሰድ? ይህን የሚመልሰው መመሪያ ነው። ስለዚህ አዋጁ ሲረቀቅ መመሪያውም ጎን ለጎን ይረቀቅ። ከ60 ቀኑ ይልቅ ጊዜ የሚያተርፈው ይሄ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ዋናው ጥያቄያችን ይሁን።

አስተባባሪ፦ ክትትሉስ?

የሐዋሳው አባል፦ ማንም የሚያየው አንድ ሠንጠረዥ። ለእያንዳንዱ ረቂቅ አንድ መስመር፦ የተጀመረበት ቀን፣ ለአስተያየት የወጣበት፣ ፍትሕ ሚኒስቴር ለምዝገባ የገባበት፣ የተመዘገበበት። እና አሁን የትኛው የሥራ ክፍል ጋ እንዳለ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሚኒስቴር ነበር፣ ኮሚሽን ሆነ፣ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ፋይሉ ማን ጋ እንዳለ በየጊዜው መጻፍ አለበት።

ከላቦራቶሪ፦ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ሠንጠረዡ ውስጥ አይግባ። 😄

የሕግ ባለሙያዋ፦ የመጡት አስተያየቶችም፣ የትኛው እንደተወሰደና የትኛው ለምን እንደቀረ፣ አብረው ይለጠፉ። አለዚያ ውይይቱ ለወጉ ያህል ይሆናል።

አስተባባሪ፦ ጥሩ። 60 ቀኑን አውጥቻለሁ። በምትኩ መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ረቂቅ የራሱን ቀን ይቁረጥ፤ ካሳለፈ ምክንያቱን እዚያው ሠንጠረዡ ላይ ይጻፍ። የሕጉን ክፍል አንቺ ጻፊው፤ የፌስታሉን ምሳሌ ላቦራቶሪ ያዘጋጅ። የክልል ቢሮዎች መመሪያዎች ይካተቱ ወይስ በፌዴራሉ እንጀምር?

የሐዋሳው አባል፦ በፌዴራሉ እንጀምር። ሁሉን አንዴ ከያዝን አንዱም አይወጣልን።