በአትክልት ስፍራ የቆመ የመርከብ መልሕቅ፦ እንዴት ይይዝ ነበር? ዝገትስ ለምን አልጨረሰውም?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦
ሲድኒ የሚኖር ዘመዴ ማኳሪ ፕሌስ ከተባለው የከተማው አትክልት ስፍራ የአንድ አሮጌ መልሕቅ ፎቶግራፍ ልኮልኛል። መልሕቁ የሲሪየስ ነው፤ ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1788 እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ ያደረሱትን የመጀመሪያዎቹን መርከቦች አጅባ የደረሰች፣ በ1790 ደግሞ በኖርፎክ ደሴት ዳርቻ ከዐለት ጋር ተላትማ የተሰበረች ናት። መልሕቁ በ1905 ከባሕር ወጥቶ ከ1907 ጀምሮ እዚያ ቆሟል። ከመርከቧ ግዝፈት አንጻር እዚህ ግባ የማይባል ብረት እንዴት አድርጎ ይይዛት ነበር? ከመቶ ዓመት በላይ በጨው ውሃ ውስጥ የኖረ ብረትስ ደጅ ላይ እንዴት ሊቆይ ቻለ? በእኛም ሐይቅ ዳር መልሕቅ ቢቆም የሚል ሐሳብ ከጓደኞቼ ጋር ስላነሣን ነው የምጠይቀው።

መልስ 1፦
የሚይዘው ክብደቱ ብቻ አይደለም። በድሮ መልሕቅ ራስጌ ላይ ከክንዶቹ ጋር በመስቀለኛ የሚጋደም ግንድ ነበር፤ መልሕቁ ታች ሲደርስ ግንዱ በመሬቱ ላይ ይተኛና፣ መርከቧ ስትጎትት ከክንዶቹ አንዱ የግድ ወደ ታች ዞሮ ጥፍሩን በጭቃው ወይም በአሸዋው ውስጥ ይቀብራል። ጉተታው አግድም እንዲሆን ገመዱ ከውሃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ይለቀቃል፤ ለትንሽ ጀልባ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይመከራል። ገመዱ ተሰብስቦ ጉተታው ሽቅብ ሲሆን ጥፍሩ ይነቀላል፤ መልሕቅ የሚነሣውም በዚሁ መንገድ ነው። በየአትክልት ስፍራው ከሚታዩት ብዙዎቹ የእንጨት ግንዳቸው በስብሶ የጠፋ በመሆኑ፣ ተመልካች አሠራራቸውን ከቅርጻቸው መረዳት ይቸግረዋል።

መልስ 2፦
የዝገቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ትልቁ ጠላት ከዝናቡ ይልቅ በብረቱ ውስጥ የሰረገው ጨው ነው። ከባሕር የወጣ ብረት እንዲሁ ከደረቀ፣ ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ከውስጥ ስለሚያዝገው በቅርፊት በቅርፊት ይረግፋል። ስለዚህ ዛሬ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ብረት በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ዘፍዝፈው፣ አንዳንዴም ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት እያሳለፉበት፣ ጨዉ እስኪወጣ ለወራት ብሎም ለዓመታት ያቆዩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው በሰም ወይም በቀለም የሚለብሰው። የዚያ ዘመን መልሕቅ ብዙ የብረት ዘንጎች በእሳት ግለው አንድ ላይ ተቀጥቅጠው የተሠሩበት ስለሆነ፣ ዝገት የበላውን ገጽ ቀረብ ብለው ቢያዩት እንደተፈለጠ እንጨት ጭረት ጭረት ያወጣል።

መልስ 3፦
እኔ በሐሳቡ አልስማማም። የሐዋሳ ሐይቅ ውቅያኖስ አቋራጭ መርከብ አይቶ አያውቅም፤ መልሕቅ ከውጭ አስመጥቶ ማቆም ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ምን ይነግረናል? አሞራ ገደል አካባቢ ሲሠራ የኖረ አንድ የአሳ አጥማጅ የእንጨት ጀልባ ከነመቅዘፊያውና ከነመረቡ ቢቆም የእኛን ሐይቅ ታሪክ ይናገራል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፤ የጀልባው ሐሳብ ከእኛ ይሻላል። እንጨት በፀሐይ ስለሚሰነጠቅ ግን ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ደግሞ ከእርጥብ መሬት የሚያነሣው መደብ እንደሚያስፈልገው ለጓደኞቼ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።